ድምፅ ያሳርፋል፤ 528 ግን አያድንም

ስልኩን ከፍቶ «የፈውስ ድምፅ» ብሎ የፈለገ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢያዳምጥ የማይጨርሰው ቅጂ ይጎርፍለታል። ገሚሱ የዝናብና የፏፏቴ ድምፅ ነው። ገሚሱ ደግሞ ቁጥር የተለጠፈበት ነው፤ 396፣ 432፣ 528፣ 963። ከሁሉ ስሙ የገነነው 528 ኸርዝ ሲሆን፣ የተጎዳ ዘረ መል ይጠግናል ተብሎ ይወራለታል። ከሚያሰራጩት መካከል ገንዘብ የሚለቅሙበት አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ቅን ሰዎች ናቸው። እናቱ የታመመችበት ልጅ እንዲህ ያለውን ቅጂ በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ቢልክ ማን ይፈርድበታል?

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ድምፅ በሰው አካል ላይ በእርግጥ ሥራ ይሠራል። ሥራው በሐኪሞች ተለክቷል፤ አንዳንዱም ከቀዶ ሕክምና ክፍል እስከ ጨቅላ ሕፃናት ማቆያ ድረስ ገብቷል። ቁጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ወሬ ይህን እውነተኛ ሥራ ሸፍኖታል። ስለዚህ ቁጥሩን አስቀድመን እንገላገለው።

ኸርዝ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚፈጸም የንዝረት ብዛት ነው። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጫፍ እየወረደ ይሄዳል። 528 በዚህ ሰፊ ሜዳ ላይ ያለ አንድ ነጥብ ነው። ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ ድምፁ በዚሁ አካባቢ ይመላለሳል፤ የጎረቤት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሮ ዘረ መሌ ተጠገነ ያለ ግን አልሰማንም። የቁጥሩ ምንጭም ቤተ ሙከራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ፑሊዮ የተባለ ሰው ከኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 7 በቁጥር ቆጠራ ዘዴ አወጣኋቸው ያላቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ሊዮናርድ ሆሮዊትዝ የሚባል ጸሐፊ ደግሞ በመጽሐፍ አሰራጫቸው። ኦሪት ሲጻፍ ሰከንድ የሚባል መለኪያ አልነበረም። ሰከንድ ሰው የቆረጠው የጊዜ ስፍር ነው፤ ስፍሩ ትንሽ ቢረዝም ወይም ቢያጥር ያው ድምፅ ሌላ ቁጥር በተሰጠው ነበር። ዘረ መላችን ደግሞ የእጅ ሰዓት አያይም።

432ም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ሙዚቃ በዚህ ቢቃኝ ይፈውሳል፣ የተለመደው 440 ግን ያሳምማል ይባላል። ዛሬ ብዙ የዓለም ኦርኬስትራዎች የሚቃኙበት 440 እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ የተስማሙበት፣ በ1955 ደግሞ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያጸደቀው ልማድ ነው። ሙዚቀኞች ተገናኝተው አብረው መጫወት እንዲችሉ የተደረገ ስምምነት እንጂ ሰውን ለማሳመም የተሸረበ ሴራ አልነበረም። የእኛ ክራር ደርዳሪ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ትዝታን ወይም ባቲን ሲቃኝ ለራሱ ጉሮሮ የሚመቸውን ከፍታ ይይዛል፤ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። አድማጩ ግን ያው ይተክዛል። የሚያስተክዘው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀትና አካሄዱ ስለሆነ፣ የመነሻው ቁጥር ለውጥ አያመጣም።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? ከሁሉ የጠራው ማስረጃ የሚገኘው ትንፋሽ ላይ ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ ቤርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። 23 ጤናማ ሰዎችን አንድ ጊዜ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የቡድሂስቶችን ማንትራ (ተደጋግሞ የሚባል የጸሎት ቃል) እንዲደግሙ አደረጉ። ሁለቱ በእምነትም በቋንቋም አይገናኙም። በአካል ላይ ያሳዩት ውጤት ግን አንድ ሆነ፤ የሰዎቹ ትንፋሽ በደቂቃ ወደ ስድስት ወረደ። አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያርፍ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል ስለሚባል፣ ይህ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች መውረድ ነው።

ስድስት የሆነበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። በአንገታችን ትላልቅ የደም ሥሮችና ከልብ በሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ ግፊት የሚለኩ የነርቭ ጫፎች አሉ። ግፊት ሲጨምር ልብ ቀስ እንድትል፣ ሲቀንስ እንድትፈጥን መልእክት ይልካሉ። ይህ መመላለስ የራሱ ዑደት ስላለው የደም ግፊታችን በየአሥር ሰከንዱ ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። ትንፋሽም የልብን ምት ይነካል፤ አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ትፈጥናለች፣ ስናስወጣ ደግሞ ቬገስ የሚባለው ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ ወደ ልብ፣ ሳንባና ሆድ ዕቃ የሚወርደው ነርቭ ያዝ ያደርጋታል። በደቂቃ ስድስት ጊዜ የሚተነፍስ ሰው በየአሥር ሰከንዱ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል ማለት ነው። በዚህን ጊዜ ሁለቱ ዑደቶች ይገጥማሉ፤ ግፊት ተቆጣጣሪው ሥርዓትም ይበልጥ ንቁ ይሆናል። ሰውዬው የሚሰማው «ቀለል አለኝ» የሚል ስሜት ብቻ ነው።

ይህን ያነበበ የእኛ ሰው ወዲያው ወደ ራሱ ማሰቡ አይቀርም። አርባ አንድ ጊዜ የሚባለው እግዚኦታ፣ ጣት በመቁጠሪያ ላይ እያለፈ የሚደረገው ዚክር፣ ማልዶ የሚደገመው ዳዊት ሁሉም ድምፅን ከትንፋሽ ጋር አስረው የሚሄዱ ልማዶች ናቸው። ከትንፋሽ አንጻር ብቻ ካየነው ዋናው ነገር አደጋገሙ ነው። ረጋ ተብሎ፣ ሐረጉ እስኪያልቅ አየር እየወጣ የሚደገም ጸሎት ትንፋሽን ያስረዝማል። ሥራ ረፍዶበት ታክሲ ላይ ጸሎቱን የሚያጣድፍ ደጋሚ መንፈሳዊ ዋጋውን ፈጣሪ ያውቅለታል፤ ልቡ ግን ከዚያ የምታገኘው ዕረፍት የለም።

ቤርናርዲ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ሙዚቃ ተመለሰ። 12 ሙዚቀኞችንና ሙዚቃ ያልተማሩ 12 ሰዎችን ከሕንድ ራጋ እስከ ቪቫልዲ፣ ከራፕ እስከ ቴክኖ አስደመጣቸው። ፈጣን ምት ያለው ሙዚቃ ትንፋሽን፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ አደረገ፤ ቀርፋፋው ግን ሊያረግብ እንደሚችል ታየ። አድማጩ ሙዚቃውን መውደዱ ወይም አለመውደዱ በዚህ ላይ ያመጣው ለውጥ እምብዛም ነበር። ጥናቱን ታዋቂ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው። በሙዚቃዎቹ መካከል ሳያስታውቁ የሁለት ደቂቃ ጸጥታ ጨምረው ነበር። ከሁሉ የበለጠው የአካል መርገብ የታየው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሲሆን፣ ልብና ግፊት ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበሩበትም ዝቅ አሉ። ድምፁ ትኩረትን ይሰበስባል፣ ሲያቆም ደግሞ አካል ይለቃል።

ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ሳያውቀው ኖሮበታል። ዜማው በቁም ይጀምራል፤ በዝማሜ መቋሚያው እየተወዛወዘ ይቀጥላል፤ በመረግድ ከበሮው ይገባል፤ በጽፋት ጭብጨባውና ምቱ ይፋጠናል። ልብን ደረጃ በደረጃ ይዞ የሚወጣ አካሄድ ነው። ማኅሌት እንደ እንቅልፍ ማስተኛ አይታይም፣ ሆኖም አያውቅም። ጽፋቱ ሲያበቃ የሚመጣው ጸጥታ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ላደረ ሰው ምን ዓይነት ዕረፍት እንደሆነ ደብተራውን መጠየቅ ነው።

በገና ከዚህ የተለየ መንገድ ይዞ ወደ ዕረፍቱ ይደርሳል። አሥር ጅማት አለው። በእያንዳንዱ ጅማትና ከሥሩ በተጋደመው ድልድይ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይሰካል። ደርዳሪው እንዚራውን በጣቱ ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ ጅማቱ የድልድዩን ጠርዝ እንዲያሽ ያደርገዋል። ቦታውን ካልያዘ ጅማቱ ደነዝ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲይዝ ንቦች በቀፎ ውስጥ የሚያሰሙትን የመሰለ እምምታ ይወጣዋል። ይህ ማሸት አንዱን ወፍራም ድምፅ ወደ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይበትነዋል፤ ለዚህ ነው በገና ጮክ ሳይል ክፍሉን የሚሞላው። ደርዳሪው መሣሪያውን አቅፎ በግራ እጁ ጣቶች ስለሚመታው ንዝረቱን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በገላውም ይቀበለዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዜማል፤ አድማጩም አያጨበጭብም፣ አይጨፍርም። በዐቢይ ጾም ከየሬዲዮው የሚሰማው ይኸው ድምፅ ነው። ቀርፋፋ፣ ዝቅ ያለ፣ ሐረጉ የሚደጋገም፣ ድንገተኛ ነገር የሌለበት ስለሆነ፣ አካልን ያረግባሉ የሚባሉትን ባሕርያት ሁሉ አሟልቶ ይዟል።

ስለ በገና ሲነሳ የሳኦል ታሪክ መጠቀሱ አይቀርም። ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፣ ንጉሡም ያርፍ ነበር። ይህ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ላይ ያለ ነው፤ የድምፅ ፈውስ ሰባኪዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሁለት ምዕራፍ ገፋ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ዳዊት እንደ ልማዱ እየደረደረ ሳለ ያው ንጉሥ ጦር ወርውሮ ከግድግዳ ጋር ሊያጣብቀው ሲሞክር ያገኘዋል፤ በምዕራፍ 19ም ይደግመዋል። በገናው ሳኦልን አሳርፎታል፣ አላዳነውም። ከዘመናዊ ጥናቶች የምናገኘው ውጤትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከእነዚህ ውስጥ ከባዱ እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ 7,000 ገደማ ሕሙማን የተሳተፉባቸውን ከ70 በላይ ጥናቶች አንድ ላይ መዘኑ። ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት፣ በሚደረግበት ጊዜ ወይም ከተደረገ በኋላ ሙዚቃ የሰሙ ሰዎች ካልሰሙት ያነሰ ሕመምና ጭንቀት ተሰማቸው፤ የወሰዱት የሕመም ማስታገሻም አነሰ። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው በነበረበት ሰዓት የተከፈተላቸውም ሕሙማን እንኳ፣ መጠኑ ቢያንስም፣ ተጠቅመዋል። በሆስፒታል የቆዩበትን ቀን ግን አላሳጠረም። ቁስሉ የሚድነው በራሱ ጊዜ ነው፤ ሙዚቃው የቀነሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለውን ሥቃይ ነው። ቁስል ያመመው ሰው ደግሞ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አያየውም።

ሕመም በሁለት በኩል ነው የሚቀለው። አንደኛው ትኩረት ነው፤ አንጎል ሕመሙን ብቻ እያዳመጠ እንዳይቀመጥ የሚይዘው ሌላ ነገር ያገኛል። ሁለተኛው ደስታ ነው። ሰው የሚወደውን ዜማ ሲሰማና ገላውን ውርር ሲያደርገው አንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር እንደሚለቀቅ በሞንትሪያል የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 አሳይቷል። እዚህ ላይ ምርጫ ትልቅ ቦታ አለው። ለሌላው የሚጥመው የቫዮሊን ቅንብር መንዙማ እየሰማ ላደገ የወሎ አባት ላይነግረው ይችላል።

ወደ አንጎል ጉዳት ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። ሄልሲንኪ ውስጥ በደም መርጋት ምክንያት አንጎላቸው የተጎዳ ሕሙማን በሦስት ተከፍለው ነበር። ገሚሶቹ ለሁለት ወር በየቀኑ የወደዱትን ሙዚቃ፣ ገሚሶቹ በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ሰሙ፤ የቀሩት ከመደበኛው ሕክምና ሌላ ምንም አልተጨመረላቸውም። በሦስተኛው ወር ቃላትን የማስታወስ ችሎታ በሙዚቃ አድማጮቹ 60 በመቶ፣ በመጽሐፍ አድማጮቹ 18 በመቶ፣ በቀሩት 29 በመቶ ተሻሻለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሲሆን፣ ቁጥራቸው 60 ያህል በሆነ ሰዎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በልክ መያዝ ይገባዋል። የፓርኪንሰን ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ መሬት ላይ ተጣብቆ ሲቀርበት እኩል የሆነ ምት ብታሰማው መራመድ ሊጀምር ይችላል። የውስጥ ምቱ ስለተዛባ ከውጭ ይበደራል። ይህ በብዙ አገሮች የእንቅስቃሴ ሕክምና አካል ሆኗል፤ የሚያስፈልገውም አንድ ሰው ማጨብጨቡ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትም አሉ። አሜሪካ ውስጥ በ11 ሆስፒታሎች 272 ጨቅላዎች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ወላጅ የመረጠው ዜማ በእሹሩሩ መልክ ቀስ ተብሎ ሲዜምላቸው የልባቸው ምት እንደሚረጋ፣ መጥባታቸውም እንደሚሻሻል አሳይቷል። የወላጆቹም ጭንቀት ቀንሷል። በእኛም አገር ጨቅላውን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አጣብቆ የማቆየት እንክብካቤ በሆስፒታሎች ይሠራበታል። እናትየው ዝም ብላ ከምትቀመጥ የእናቷን እሹሩሩ ብታንጎራጉር ልጁ በጆሮውም በደረቷ ንዝረትም ይሰማታል። ለዚህ በጀት አይጠየቅም፤ «አይዞሽ፣ አታፍሪ፣ ዘምሪለት» የሚላት ነርስ ግን ያስፈልጋል።

ማንጎራጎር ስል፣ አፍን ገጥሞ እም ማለት ራሱ የሚለካ ነገር ያደርጋል። የስዊድኖቹ ዌይትዝበርግና ሉንድበርግ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ ሰው እም ሲል ከአፍንጫው የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ዝም ብሎ ከሚተነፍስበት ጊዜ 15 እጥፍ ይደርሳል። ንዝረቱ በአፍንጫ ዙሪያ ባሉት ባዶ ክፍሎች ውስጥ ያለውን አየር ያንቀሳቅሰዋል። በዚህ ብቻ ሳይነስ ይድናል ብሎ መደምደም ግን ከጥናቱ አልፎ መሄድ ነው።

የሚጋነነው ብዙ ስለሆነ ጥቂቱን ብቻ ልጥቀስ። የቲቤት ሳህን እየተባለ የሚጠራው የብረት ሳህን በ62 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጥረታቸው እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል፤ ነገር ግን ሳህኑ ሳይመታላቸው ዝም ብለው የተጋደሙ ሰዎች ለንጽጽር አልነበሩም። አንድ ሰዓት በጸጥታ መጋደም ማንን አያሳርፍም? ለአጥንት ስብራት የሚሸጠው አነስተኛ ኃይል ያለው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ደግሞ ትልቅ ትምህርት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተፈቅዶ ለዓመታት ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፣ ቅልጥማቸው በተሰበረ 501 ሰዎች ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ውጤት ለንጽጽር ከቀረበው የማይሠራ አስመሳይ መሣሪያ የተለየ ጥቅም አልተገኘበትም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ላይ የተጀመረው የኩላሊት ጠጠርን ከውጭ በሚላክ የግፊት ሞገድ የመሰባበር ሕክምና ዛሬም ይሠራል። ሞገድ የሚሰብረው ጠጠር እስካለ ድረስ ይሰብራል፤ ይህን አይቶ ስልክ ላይ የተጫነ ቅጂም እጢ ያሟሟል ማለት ግን አይቻልም።

አደገኛው ነገር ያለው እዚህ ነው። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒቱን ትቶ በጆሮ ማዳመጫ የሚተኛ ሰው ራሱን ይጎዳል። በጸበልና በኤችአይቪ መድኃኒት መካከል የነበረውን ክርክር የሚያስታውስ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ ያኔም የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ውሰዱ ብለው መክረዋል። ለድምፅም ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም። ከድምፁ ልክ ጋር የሚመጣም ጉዳት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 90 ከደረሰ የሚፈቀደው አራት ሰዓት ብቻ ነው። በማዳመጫ ጮክ ተደርጎ ሌሊቱን የሚያድር «የፈውስ ድምፅ» የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል።

በከተማ ለሚኖር ሰው ደግሞ ድምፅ ከመጨመሩ በፊት መቀነሱ ይቀድማል። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የአገራችን መለኪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ድምፅን ከብክለት ቆጥሮታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከጭፈራ ቤት፣ ከጄኔሬተርና ከየእምነት ተቋሙ ድምፅ ማጉያ መካከል የሚኖር ሰው መለኪያው በወረቀት ላይ እንዳለ ያውቃል። አንጎል ተኝተንም መስማት አያቆምም፤ ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ እኛ ባንነቃም ልብ ትደነግጣለች፣ የጭንቀት ሆርሞኖችም ይለቀቃሉ። በዚህ ላይ ስምንት ሰዓት ሙሉ የሚፈስ ፏፏቴ መክፈት አንዱን ጩኸት በሌላ መሸፈን ነው።

ጤና ተቋሞቻችንም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። የደም ግፊታቸውን ሊለኩ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ፊት ለፊት ቴሌቪዥኑ ዜናና ማስታወቂያ ሲጮህ ማየት የተለመደ ነው። እዚያ የሚለካው ግፊት የማን እንደሆነ፣ የሕመምተኛው ይሁን የቴሌቪዥኑ፣ ያጠያይቃል። ከአልጋ አጠገብ የሚቀመጠው አስታማሚ ግን የማንንም ውሳኔ መጠበቅ የለበትም። ሐኪሙን አስፈቅዶ፣ ሕመምተኛውን ምን መስማት እንደሚወድ ይጠይቀው፤ ቀርፋፋውን ይምረጥለት፤ ነርሷ በተለመደው ድምፅ ስትናገር እስኪሰማት ድረስ ዝቅ ያድርግለት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ካሰማው በኋላም ያጥፋው። ሁለቱን ደቂቃ ጸጥታ አይንፈገው።